የእድሩ መኪና የጠራው ስም

መኪናው በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብሎ ለፈፈ። ሰውዬው ያን ጊዜ አጠገቤ ተቀምጠው ውሃ እየጠጡ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተወርቷል፤ የተበላሸው ነገር ግን ይኼ ነው። ጥር ውስጥ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ። መኪናው እንዲናገር ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ፀደንያ እባላለሁ። ኤሌክትሪካል ተምሬ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ሥራ መጠበቅ አልሆነልኝም፤ አንዲት ክፍል ተከራይቼ መኪና ላይ ቴፕና ስፒከር እገጥማለሁ። ሾፌሮቹ የሚፈልጉት ወንበሩ እንዲንቀጠቀጥ ብቻ ነው። ስለ ድምፅ ጥራት ማስረዳት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

የሰፈራችን እድር ጠሪውን ሳይጨምር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባላት አሉት። የሞት ጥሪ የሚያደርጉት አባባ ወልደ ሰንበት ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በውርጭ ጡሩምባ እየነፉ በእግራቸው ዞረዋል። በኋላ የእጅ ድምፅ ማጉያ ተገዛላቸው፤ አምና ደግሞ ጉልበታቸው እምቢ አለ። እድሩ ድንኳንና አግዳሚ የሚጭንበት አንድ አሮጌ ፒክአፕ ነበረው። ሊቀመንበሩ ጋሼ ሰይፈሥላሴ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ "እስቲ ጡሩምባውን መኪናው ላይ አድርጊልን" አሉኝ።

ቴፕና ማይክ ገጥሜ መሸኘት እችል ነበር። ግን ከስንት የሙሽራ መኪና በኋላ አንድ ጭንቅላት የሚያሠራ ሥራ አገኘሁና እጄ በላኝ። ከተሳፋሪው ወንበር ሥር በቆርቆሮ ሳጥን ትንሽ ኮምፒውተር አስቀመጥኩ። ሞተር ሲነሳ መብራቱ ስለሚዋዥቅ የራሱን ባትሪ ሰጠሁት። አምፕሊፋየሩ ከወንበሩ ጀርባ፣ ስክሪኑ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ሁለት ቀንድ ስፒከር ጣሪያው ላይ። የሟቹን ስም፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ሰዓቱን ስክሪኑ ላይ መምረጥ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ቃሉን ይገጣጥማል፤ መኪናው የት እንደደረሰ ስለሚያውቅ በየመንደሩ መግቢያ ላይ ራሱ ይጀምራል። በአባባ ወልደ ሰንበት ድምፅ። ሰው ሌላ ድምፅ አይቀበልም ነበር።

መግቢያውን፣ ቀኖቹን፣ ሰዓቶቹን፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ስም በግማሽ ቀን ቀዳንላቸው። ስሞቹ ላይ ስንደርስ ግን ቆሙ።

"የማንን ስም?" አሉኝ።

"የአባላቱን። አንድ በአንድ ይበሉልኝ።"

"ደኅና ናቸው እኮ።"

"አሁን ነዋ! ሲያስፈልግ እንዲኖር ነው።"

ማይኩን ከአፋቸው አራቁት። "የቆመ ሰው ስም ከዚህ ቃል ጋር አላነሳም። አንቺ ልጅ፣ እዚያ ትምህርት ቤት ምንድን ነው ያስተማሩሽ?"

አልተከራከርኩም። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ አባባ ቆመው ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው "አለሁ" ወይም "አቤት" ይላል። አንድ ጡረተኛ ሁልጊዜ "የት እሄዳለሁ" ይላሉ፤ ሰውም ሁልጊዜ ይስቃል። ለሦስት ስብሰባ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቀዳሁ። ስሙን ቆርጬ አስቀረሁ፣ መልሱን ቆርጬ ጣልኩ። ከዚያ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ኮምፒውተሩ የሁሉንም ጥሪ አስቀድሞ እንዲገጣጥም አዘዝኩት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የሞት ጥሪ፣ ቀንና ቦታ ብቻ የጎደላቸው። የጋሼ ሰይፈሥላሴ አለ። የእናቴም አለ። ከመጫኔ በፊት እየሰማሁ አረጋገጥኳቸው፤ የእናቴም ላይ ስሙ ትንሽ ስለፈጠነ አስተካከልኩት።

ለማንም አልተናገርኩም። የሌለው የአባባ ስም ብቻ ነበር፤ ጠሪው እሳቸው ስለሆኑ ራሳቸውን ጠርተው አያውቁም።

አባባ መኪናው ውስጥ ለመቀመጥ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ማሽኑ ቢሳሳት የሚያርሙበት ማይክ ከፊታቸው እንዲኖር። ገጠምኩላቸው። ማብሪያ ማጥፊያ ግን አላደረግኩለትም፤ ሰው አፉን አስጠግቶ ሲናገርበት በራሱ ይከፈታል። ማብሪያ ማጥፊያው አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነበር። ቸኮልኩ።

በዚያ ማክሰኞ የሞቱት አቶ ወርቅአገኘሁ የሚባሉ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረተኛ ነበሩ። የመጀመሪያው ሥራ ስለነበር እኔው ነዳሁ። በሦስት መንደር በደንብ ሠራ። ሴቶች ደጃፍ ይወጣሉ፣ ወንዶች ቆብ ያወልቃሉ። አባባ በመስኮት እያዩ፣ "ድምፄ እንዲህ ጎበዝ ነው እንዴ?" አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር። እኔም ደስ ብሎኛል።

አራተኛው መንደር ሳንደርስ አንድ ባጃጅ ፊቴ ገባ። ፍሬን ይዤ አንገቴን በመስኮት አወጣሁና ጮህኩበት፤ "አንተ! ዓይንህ የት ነው?" ወደ ውስጥ ስመለስ አባባ የውሃ ጠርሙሳቸውን አንስተው ይጠጡ ነበር። ያን ጊዜ ጣሪያው ተናገረ።

"እድርተኞች ሆይ፣ አባላችን አቶ ወልደ ሰንበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቀብራቸውም ሥነ ሥርዓት..."

እዚያ ላይ ቆመ።

ጉንጫቸው በውሃ ተነፍቶ ነበር። ጠርሙሱ አሁንም ከንፈራቸው ላይ ነው። ዋጡ፤ ሲውጡ ሰማሁ።

"ማንን ነው ያለው?" አሉኝ።

"እርስዎን።"

ከመንገዱ ማዶ ዳቦ የያዘች ሴት ፌስታሏን መሬት ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። አባባ መስታወቱን አወረዱና፣ "ኧረ አለሁ! እዚህ ነኝ!" አሏት። አየቻቸው። ካየቻቸው በኋላ ይበልጥ ጮኸች።

ቤታቸው ስንደርስ ግቢው ሞልቷል። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አማተበ። አንዲት ጎረቤት ጎላ ድስት ይዛ መሃል ላይ ቆማ፣ "እንግዲህ የተሠራው ወጥ ይበላ" አለች። ብዙው ሰው ግን የአባባን እጅ ሳይጨብጥ ወጣ። የእግዚአብሔር ሰላምታ እንኳ የሚሰጣቸው ጠፋ። ይህንን አባባ አይተውታል።

እኔ መኪናው ውስጥ ገብቼ ፈተሽኩ። ኮምፒውተሩ የሚሠራውን ሁሉ በሰከንድ ይመዘግባል። በዚያች ደቂቃ ኮምፒውተሩ ምንም አላጫወተም። ከአቶ ወርቅአገኘሁ ሌላ የተመረጠ ስም የለም። አንድ ነገር ብቻ ተጽፏል፤ ማይኩ ለአሥራ አራት ሰከንድ ተከፍቷል።

ለሙከራው ሳምንት ማይኩ የሚሰማውን እንዲያስቀር አድርጌው ነበር። አሥራ አራቱን ሰከንድ ወደ ስልኬ ገልብጬ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። የአባባ ድምፅ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ቃል በቃል። የሞተር ድምፅ የለም። ያ ፒክአፕ ቆሞ እንኳ ዳሽቦርዱ ይንቀጫቀጫል፤ ያ ሁሉ የለም። ባጃጁም የለም። ከድምፃቸው በስተኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ ብዙ ሰው ጠጠር ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ይሰማል።

አምስቴ ሰማሁት። ከዚያ የአምፕሊፋየሩን ፊውዝ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

እኩለ ቀን ላይ አባባ ሱቄ መጡ። "ተነሺ፣ በመኪናው አንኮበር አድርሺኝ።" እህታቸው እትዬ አስካለማርያም እዚያው አንኮበር፣ ጎረበላ የሚባለው ቦታ ይኖራሉ፤ አባባ ያላቸው ዘመድ እህታቸው ብቻ ናቸው። ከሰፈሩ ሰው አንዱ ለእህታቸው ጎረቤቶች ደውሎ ነግሯል። ጎረቤቶቹ ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሊነግሯቸው ተስማምተዋል።

"ደውለን አልሞቱም እንበላቸዋ" አልኩ።

"ሞቷል የተባለ ሰው ደውሎ አልሞትኩም ሲል አንቺ ታምኛለሽ? ዓይኔን ትየው።"

ሜዳው ላይ ፀሐይ ነበር። ወደ ገደሉ ስንቃረብ ጉሙ ከቆላው ወጣና መንገዱን ያዘው። መብራት አበራሁ። ማይኩ ያስቀረውን መስማቴን ስነግራቸው አባባ፣ "ያንን የቀዳሽውን አሰሚኝ" አሉ።

"ምን ያደርግልዎታል?"

"ቀኑን ተናግሮ እንደሆነ።"

"አልተናገረም። የቀብራቸውም ብሎ ቆመ።"

"አንቺ ችኩል ነሽ፤ አምልጦሽ ይሆናል።"

ስልኬን ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሦስት ጊዜ ሰሙት። በሦስተኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ኮቴው ይሰማሻል?"

"ይሰማኛል።"

"ከፊት ያሉት አስከሬን የተሸከሙ ናቸው። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው እንዲህ እኩል አይረግጥም።" ስልኬን መለሱልኝ። "ስንቱን ሸኝቻለሁ። አውቀዋለሁ።"

 ዝም ማለት አልችልም። አፌ ላይ የመጣልኝ ያልተናገርኩት ነገር ሆነ፤ ስብሰባ ላይ መቅዳቴን፣ መልሱን መቁረጤን፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ከተቀመጡበት ወንበር ሥር መኖራቸውን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ወደ እግራቸው ሥር አዩ።

"የእኔስ?"

"የእርስዎ የለም። ለዚህ ነው ግራ የገባኝ፤ ማሽኑ ሊለው አይችልም ነበር።"

"አጥፊያቸው። ዛሬውኑ።"

"እሺ።"

"ለሰውም አትንገሪ። እኔም አልናገር። ሰው ይኼን ከሰማ እድሩን ይፈራል። ሰው እድሩን ከፈራ ማን ይቀብረዋል?" ትንሽ ሄድን። "እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ግን ይጠይቁሻል። ሽማግሌው ጃጅቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ዛሬ ግቢዬ ውስጥ ሲንሾካሸኩ ሰምቻለሁ። ይህን ሥራ ከቀሙኝ እኔ ምን አለኝ? ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ሰው ደጄን የሚመታው ጥራልን ለማለት ነው።"

"አይቀሙዎትም። ውሃ እየጠጡ እንደነበር አይቻለሁ። እነግራቸዋለሁ።"

"ትነግሪያለሽ?"

"አልኩ እኮ!"

የእትዬ አስካለማርያም ቤት በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሦስት ጎረቤት ሴቶች ሰፌድ ታቅፈው ምስር ይለቅማሉ። እትዬ አስካለማርያም መሃላቸው ተቀምጠው፣ ዛሬ ምን አስነሥቷችሁ ነው ሁላችሁ የመጣችሁልኝ ሲሉ ደረስን። ሴቶቹ መርዶው እስኪነገር ብቻቸውን እንዳይሆኑ ከጠዋት ጀምሮ ተራ በተራ መጥተው ቁጭ ብለዋል፤ ምንም ሳይናገሩ።

አባባ ገቡ። አንደኛዋ ሰፌዱን ጣለች፤ ምስሩ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሌላዋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

"ምን ነካችሁ? ወንድሜ እኮ ነው!" አሉ እትዬ አስካለማርያም።

 ሦስተኛዋ ሴት ብድግ አለችና የአባባን እጅ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ቶሎ ሳበች። "ይቀዘቅዛል" አለች።

"ከደብረ ብርሃን መጥቼ ምን ልሁን? ልሙቅ?" አሉ አባባ።

እትዬ አስካለማርያም የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ አዩ፤ ገባቸው።  ተነሥተው ከመሶቡ ዳቦ ቆርሰው ለወንድማቸው ሰጡ።

"ብላ።"

"አስካል፣ አልራበኝም።"

"ብላ አልኩህ።"

አባባ በሉ። እስኪውጡ ድረስ እህታቸው ጉሮሯቸውን ያዩ ነበር። ከዋጡ በኋላ እትዬ አስካለማርያም ቁጭ ብለው አለቀሱ። እዚያ ከነበርነው የምቸኩለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መንገዱ ሳይጨልም መመለስ ፈልጌያለሁ።

ስንመለስ ጉሙ ወፍሯል። በቀስታ ነዳሁ። መንገድ ዳር አህያ የሚነዱ ሁለት ሰዎች አየን። አህዮቻቸውን አቆሙና ቆባቸውን አወለቁ። ትንሽ ሄደን አንድ እንጨት የተሸከመ ሰው ሸክሙን አስቀመጠ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ እስክናልፍ ቆመ። ከዚያ ሌሎች አራት። አባባን የሚያውቃቸው ሰው እዚያ መንገድ ላይ የለም። ኪሴን ዳሰስኩ፤ ፊውዙ እዚያው ነው። ጣሪያው ላይ ያሉት ስፒከሮች ባዶ ብረት ናቸው። ሰዎቹ ግን ከመኪናው የሆነ ነገር የሰሙ ይመስል ወደ ጣሪያው እያዩ ነበር።

አባባም አይተዋል። መስታወቱን ዘግተው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና ደብረ ብርሃን እስክንደርስ እንደዚያው ሆነው ተቀመጡ።

የእድሩ ግቢ በር ላይ ጋሼ ሰይፈሥላሴ ቆመው ይጠብቁን ነበር። እጃቸውን ዘረጉ። "ቁልፉን።"

"አንድ ሥራ ቀርቶኛል፣ አሥር ደቂቃ..."

"እስከ እሑድ ማንም አይነካውም።"

ሰጠኋቸው። መኪናው ድንኳን ከሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ገባ፣ ተቆለፈ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም አብረው ተቆለፉ።

እሑድ የእድሩ አዳራሽ መቀመጫ እስኪጠፋ ሞልቷል። የኮምፒውተሩ ሳጥን ከነገመዱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ የኮምፒውተር መምህሩ ፍሥሐ ላፕቶፑን ከፍቶ ይጠብቃል። እናቴ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ናት። አባባ ወልደ ሰንበት የስም መጥሪያ መዝገቡን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከግራና ከቀኛቸው ያለው ቦታ ባዶ ነበር።

ጋሼ ሰይፈሥላሴ ቆሙ። "ነገሩ ከሁለት አንድ ነው። ወይ ማሽኑ ነው፣ ወይ ሰው ነው። ማሽኑ ከሆነ መምህር ፍሥሐ አሁን ይከፍተዋል፤ ውስጡ ያለውን በሙሉ በእናንተ ፊት እናያለን። ሰው ከሆነ ደግሞ..." ወደ አባባ አላዩም። "ወልደ ሰንበት ብዙ ደክመውልናል። ማንም አይፈርድባቸውም። ቤታቸው ይቀመጡ፤ ሌላ እንተካለን።"

"እኔ አልተናገርኩም" አሉ አባባ። "ውሃ አፌ ውስጥ ነበር።"

"ውሃ እያለ እንዲህ ካሉ፣ ባይኖር ምን ሊሉ ነበር?" አለ ከኋላ አንዱ። ጥቂቶች ሳቁ።

"ልጅቱ አጠገቤ ነበረች። ጠይቋት።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ፍሥሐ የገመዱን ጫፍ በጣቱ ይዟል። ሳጥኑን ከላፕቶፑ ጋር ሲያያይዝ መጀመሪያ የሚወጣው ዝርዝሩ ነው፤ ስም ከነአባት፣ ከፊቱ "ጥሪ" የሚል። አንዱን ቢነካው ይናገራል። እናቴ ነጠላዋን አገጯ ሥር ይዛ ታየኛለች፤ ልጇ በሰው ፊት ስለቆመች ኮርታ።

"ፀደንያ፣ የማሽኑ መዝገብ ምን ይላል?" አሉ ጋሼ ሰይፈሥላሴ።

"ማይክ ይላል።"

"ከማይኩ ፊት ማን ነበር?"

"አባባ ወልደ ሰንበት።"

"እሳቸው ውሃ አፌ ውስጥ ነበር ይላሉ። አይተሻል?"

አባባ አዩኝ። አልለመኑኝም። ምን እንደምመልስ የሚያውቁ ሰው አስተያየት ነበር፤ ቃል ገብቼላቸው ነበርና።

"መንገዱን ነበር የማየው" አልኩ።

ፍሥሐ ገመዱን ጠቅልሎ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። ላፕቶፑን ከደነ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ላይ የተነፈሰ መሰለኝ።

አባባ ተነሡ። ሳጥኑ ውስጥ ስላሉት ስሞች አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር። ሳጥኑን አዩ፣ ከዚያ አግዳሚዎቹን ከዳር እስከ ዳር አዩ፣ እያንዳንዱን ፊት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በስማቸው የሚያውቋቸውን። አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ቆባቸውን አደረጉ፣ በአግዳሚዎቹ መሃል ሄዱ። ሰው ጉልበቱን እየሰበሰበ መንገድ ሰጣቸው፤ እጁን የዘረጋ የለም። ወጡ። የቆርቆሮውን በር ከውጭ ሆነው ቀስ ብለው ሳቡና ዘጉት።